የዘንዶው ጀልባ የፊት ወንበር

ደንቡ በኢሜይል የመጣው በፈረንጆቹ 2022 ሐምሌ ላይ ነው፤ ሰባት ገጽ። እዚህ አሜሪካ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ባለው መጋዘን አብረን የምንሠራ ሐበሾች እንግሊዝኛው አቅቷቸው ሳይሆን ሰባት ገጽ ለማንበብ ትዕግሥቱ ስላልነበራቸው "አንቺ አንብቢና ንገሪን" ብለው ጣሉብኝ። ካፕቴን የሆንኩት በዚህ ነው። ምርጫም ጭብጨባም አልነበረም። እኛ ዘንድ ወረቀቱን ያነበበ ሰው ኃላፊ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ መሀል ከተማ፣ ወንዙ ላይ የሚደረግ የዘንዶ ጀልባ ውድድር ነው። ጀልባው ረጅምና ቀጭን ሲሆን አፍንጫው ላይ የዘንዶ ራስ ተሰክቶበታል። ሃያ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀዝፋሉ። ከበሮ የሚመታው ሰው ከሁሉም ፊት፣ ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ አዙሮ ይቀመጣል። ከኋላ ቆሞ የሚመራውን ሰው አዘጋጆቹ ይሰጣሉ። አለቃችን ማስታወቂያውን ምሳ የምንበላበት ብሬክ ሩም ውስጥ ሲለጥፍ የሚመዘገብ ይኖራል ብሎ አላሰበም መሰለኝ። እኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተለያይተን ከርመን ነበር፤ በጭምብል፣ በስድስት ጫማ ርቀት፣ በስልክ ለቅሶ እየደረስን። አብሮ መቀመጥ የተባለ ነገር ሁሉ ናፍቆን ስለነበር ጀልባም ቢሆን አልጠላንም። በአንድ ቀን ከእኔ ሌላ ሃያ ሰው ሞላ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አንዲት ሴት ብቻ "ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋው ላይ ነው የምንቀመጠው?" ብላ ትንሽ አንገራገረችና እሷም ገባች።

ደንቡን በድምፅ ቀድቼ ለስልክ ግሩፓችን ላክሁ። ከሃያው ቢያንስ ስምንቱ ሴቶች ይሁኑ። ሁሉም ሰው በራሱ ኃላፊነት እንደሚሳተፍ ይፈርም። ዋና መቻል ግዴታ አይደለም፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት ግን ግዴታ ነው። ልምምድ ያልመጣ አይወዳደርም። ጀልባው ውስጥ መቆም ክልክል ነው። የደከመው ሰው መቅዘፊያውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥ፤ ከሌላው መቅዘፊያ ጋር እያጋጨ አይቀጥል። ጀልባው እንዳያጋድል ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ተጽፎ ይሰጥ፣ ከባድ ከባዱ መሀል ይቀመጥ።

የመጨረሻዋ ላይ ግሩፑ ታመሰ። "ኪሎዬን ባሌም አያውቅ!" አለች አንዷ። ወንዶቹም ቢሆኑ እንደ ንስሐ ምስጢር ያዙት። በመጨረሻ በግምት ጽፌ ላክሁ፤ ለሁሉም አምስት አምስት ኪሎ ቀነስኩላቸው፣ እንዳይጣሉኝ። ከበሮው ደግሞ ቀላል ሰው ስለሚፈልግና ከሁሉም ትንሿ እኔ ስለሆንኩ፣ ካፕቴንነቱ ሳያንሰኝ ከበሮ መቺም ሆንኩ።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። በስደት ሱዳን ቆይተው ወደዚህ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አራት ወር ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ኖሬአለሁ፤ መኪና ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። "ፍሬን ያዢ እንጂ ዓይንሽን አትጨፍኚ!" እያሉ። መጋዘኑ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሐበሻ ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። በ2020 መጨረሻ ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል ለሳምንታት በኦክስጅን ቆዩ። ወጡ፣ ግን ትንፋሻቸው እንደ ድሮው አልተመለሰም። አሥር ዓመት ዶክ በሚባለው የመጫኛ ክፍል ትሬለር ይጭኑ የነበሩት ሰው ተመላሽ ዕቃ ስካን የሚያደርጉበት ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ከፕላስቲክ መከለያ ኋላ፣ ብቻቸውን። ስናልፍ በእጃችን ሰላም እንላቸዋለን። ያን ወንበር አምርረው ይጠሉታል።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ከመቅዘፋችን በፊት የተፈጠረውን አልረሳውም። አሠልጣኟ ጠና ያለች አሜሪካዊት ናት፤ ጀልባውን ይዛ "ግቡ" አለች። ማን ይግባ?

"ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ አይሆንም፣ እናንተ ግቡ።"

"እትዬ፣ ይግቡ እንጂ።"

"አንተ ግባ የኔ ልጅ፣ እኔ እደርሳለሁ።"

ሃያ ሰው እንጨት መረማመጃው ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ይጋበዛል፣ አሠልጣኟ ሰዓቷን ታያለች። በኋላ መግባት ሲጀመር ደግሞ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች በሙሉ በትሕትና ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። የጀልባው ጭራ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ዘንዶው ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። እኔ በስንት ግምት የሠራሁት የኪሎ ዝርዝር ገደል ገባ።

አሠልጣኟ "የፊቱን ወንበር የሚፈሩት ለምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይፈሩትም፤ የተከበረ ሰው ስለሚቀመጥበት ነው" አልኳት።

"የፊት ወንበር ክብር አይደለም፣ ሥራ ነው" አለችና ለሁሉም አስረዳች። ከፊት ያለው ጥንድ ፍጥነቱን ይወስናል። ከኋላ ያሉት አሥራ ስምንቱ እሱን እያዩ እኩል ይቀዝፋሉ። ከበሮ መቺዋም ዓይኗን ከእሱ ላይ አትነቅልም። ከፊት ያሉት ቢሳሳቱ እንኳ ተከትላችሁ አብራችሁ ተሳሳቱ፣ ብቻ እኩል ሁኑ።

ተረጎምኩላቸው። ይህቺን በጣም ወደዷት። ታላቅን መከተልማ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። "እንግዲህ ከፊት ማን ይሁን?" ስትል ሁሉም ወደ ጋሼ አመለከተ። እኔም አመለከትኩ፤ አልዋሽም። ከጎናቸው አንዲት እትዬ ተቀመጡ፤ ፓኪንግ ላይ የሚሠሩ፣ ክንዳቸው የወንድ የሚያህል ሴት። ጋሼ ላይፍ ጃኬታቸውን ሁለቴ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። የተደሰቱት መደሰት ያስታውቅ ነበር።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ሌላው ሰው ከፊቱ ያለውን ጀርባ ብቻ ያያል፤ እኔ ግን የሃያ ሰው ፊት አያለሁ። ከሁሉም የሚቀርበኝ የጋሼ ፊት ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ግሩም ሆነው ቀዘፉ። ከዚያ ከንፈራቸው ተከፈተ። ክንዳቸው ዘገየ። እትዬ አሻግረው አዩአቸውና የራሳቸውን አዘገዩ። ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ አዘገየ፣ ሦስተኛው አዘገየ። እኔም ከበሮዬን አዘገየሁ፤ ደንቡ የፊቱን ተከተይ ነውና። መጨረሻው ረድፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ከባድ ካርቶን ሲያነሳ የሚውለው ጎረምሳ እንደ አሮጌ ሰው "እህ፣ እህ" እያለ ማቃሰት ጀመረ። ከቀኝ ያለችው ግንባሯን ጠረገች። ላብ አልነበራትም። ማንም ማንንም አላማከረም። ሃያ ሰው በአንድ ልብ ዋሸ፤ እንደዚያ ቀን እኩል ሆነን አናውቅም።

ስንወርድ ጋሼ እያለከለኩ ሳቁ። "ወጣት ነን ባዮች! እኔን ሽማግሌውን መከተል አቃታችሁ እኮ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ገደሉን!" አለ ጎረምሳው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን አለበት ብዬ ነው፤ የበሽታ ዓመት አሳልፈው ትንሽ ደስ ቢላቸው።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ልምምድ እንደዚያው አለፈ። አሠልጣኟ "የእናንተ ሰዎች ቶሎ ይደክማሉ፣ ግን እንደዚህ እኩል የሚቀዝፍ ጀማሪ አላየሁም" አለችኝ። ከሦስተኛው በኋላ ጋሼን ወደ ቤት ሳደርሳቸው መኪና ውስጥ አንድ ነገር ነገሩኝ።

"ዶክ ላይ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ሱፐርቫይዘሩ እስከ ሰኞ ሳይን አድርግ ብሎኛል።"

"ትሬለር ሊጭኑ?"

"ሌላ ምን አለ? ሐኪሙ ‘ሰውነትህን አዳምጥ’ ነው ያለኝ። ይኸው እያዳመጥኩ ነው። ወጣት ሁሉ እየደከመ እኔ ከፊት ሆኜ እየመራሁ። ቅዳሜ ውድድሩን ከጨረስኩ ሰኞ ሳይን አደርጋለሁ።"

"ዴስኩስ?"

"ዴስኩን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ይስጡት! ሁለተኛ እዚያ መከለያ ኋላ አልመለስም።"

ዶክ ማለት በዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት ብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ አሥር ሰዓት ሸክም ማንሳት ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ጤነኛ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። እኚህን ሰው ወደዚያ የሚልካቸው ሐኪም አይደለም፣ አለቃም አይደለም፤ የእኛ አክብሮት ነው። "ጋሼ፣ እኛ እኮ…" ብዬ ጀመርኩ። "እናንተ ምን?" አሉኝ ፈገግ ብለው። "እኛ እኮ ደስ ብሎናል" አልኩ። ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ውድድሩ ደረሰ። ወንዙ ዳር ድንኳኑ፣ ሕዝቡ፣ ማይክሮፎኑ ልዩ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ይቀዝፋል፤ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ካፕቴን የአቀማመጡን ዝርዝር ፈርሞ ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ያስረክባል፤ ከዚያ በፊት መቀየር ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ አይቻልም። ጠዋት ሳልቀይር ፈረምኩ። አንዱ አማተበ፣ አንዷ ቢስሚላህ አለች፣ ተነሳን። ሩቅ ሳንሄድ የጋሼ ክንድ ዘገየ፤ ጀልባው ሙሉ ዘገየ። ሌሎቹ ቡድኖች ጥለውን ሄዱ። እኛ ስንደርስ የመጀመሪያዎቹ ወርደው ውኃ ይጠጡ ነበር።

ጋሼ ግን ፊታቸው በርቶ ነው የወረዱት። ለሚስታቸው ስልክ ደውለው "ጨረስኩት! ሳላቋርጥ!" ሲሉ ሰማኋቸው። ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ሰዎቹን ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰብኩና የዶኩን ነገር ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሁሉ ጠፋ።

"ንገሪያቸዋ" አለ ጎረምሳው።

"አንተስ? አንተ ነህ ‘ገደሉን’ ያልከው!"

"እኔ ልጃቸው ማለት ነኝ፣ እንዴት አድርጌ? አንቺ ካፕቴን ነሽ።"

እትዬ ሣሩን እየነጩ "እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው" አሉ። "ግን እኔም አፌ አይታዘዝልኝም።" ሃያ አዋቂ ሰው፣ ከጎረምሳው እስከ እትዬ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ጠፋ። ተናደድኩ፤ ከሁሉም በላይ በራሴ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ልጅ ሆኜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ፍርሃት ሆኖ ታየኝ።

ከስማቸው ላይ መስመር አስምሬ ሌላ ሰው ላስቀምጥ አሰብኩ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ግን ምክንያቱን ሳይነግሩ ሰውን ከወንበር ማስነሳት ሌላ ውሸት ነው፤ ምክንያቱን የሚናገር አፍ ደግሞ የለም። ዝርዝሩን እንዳለ ፈረምኩና ለእትዬ ብቻ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ "ከሰዓት እሳቸውን አልከተልም። አሠልጣኟ ባስተማረችን ፍጥነት ነው የምመታው። እርስዎ ከበሮዬን ይከተሉ።" ዓይኔን አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጀልባው መነሻው ላይ ሲቆም ጮክ ብዬ፣ "የደከመው ሰው መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ ያድርግ፣ ደንብ ነው!" አልኩ።

ጋሼ ሳቁ። "ይሄ ለማን ነው?" አሉኝ።

ጡሩንባው ተነፋ። መታሁ። ጋሼ በመጀመሪያ ተደሰቱ፤ ከዚያ ሲከብዳቸው ዝቅ አደረጉ፣ እንደ ልማዳቸው ሁሉም አብሮ ዝቅ እንዲል ጠበቁ። አላዘገየሁም። እትዬ አላዘገዩም። ከኋላ ለአንድ አፍታ ግራ ተጋቡ፤ ግማሹ ጋሼን፣ ግማሹ እትዬን ያያል፣ መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ተጋጨ። ከዚያ ከጭራው ጎረምሳው አንድ ጊዜ ጎተተ። ጀልባው ከሥሬ ሲወረወር ተሰማኝ። እስከዚያ ቀን ምን ያህል ጉልበት ደብቀን እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጋሼ ሦስት ጊዜ ሊደርሱብን ሞከሩ። መቅዘፊያቸው ከኋላቸው የተቀመጠውን ሰው መቅዘፊያ መታ። አየሩን በአፋቸው ይጎትቱታል፣ አይገባላቸውም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም። ገባቸው። ሁሉም ነገር፣ ሦስቱም ልምምድ፣ ጠዋቱም፣ እዚያው ፊቴ ሲገባቸው አየሁ። መቅዘፊያውን አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ውኃው ሱሪያቸው ላይ እየተንጠባጠበ። እኔ መምታቴን ቀጠልኩ። እያለቀስኩ ነበር። ላቁም ብልም እጄ የሚቆም አልመሰለኝም።

ሁለተኛ ወጣን። ከኋላ ጩኸት፣ እልልታ ሆነ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ከፊት የተቀመጡትን ጋሼን እያዩ መቅዘፊያቸውን አወረዱ። ጋሼ ሲወርዱ ማንም "ይቅደሙ" አላለም። ላይፍ ጃኬታቸውን አውልቀው አጥፈው ለአስተባባሪው ሰጡ፣ አመሰገኑት፣ መኪናዬ ጋ ሄደው ቆሙ።

ወደ ቤታቸው ይዣቸው ተነሳሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ ግማሽ መንገድ ላይ።

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አክብረንዎት ነው።"

"እኔን አይደለም ያከበራችሁት። ራሳችሁን ነው፤ ክፉ እንዳትባሉ።" ቀጥለውም፣ "አንቺ ደግሞ በአፍሽ መናገር አቅቶሽ በከበሮ ነገርሽኝ" አሉኝ። እውነት ነው።

ቤታቸው በር ላይ ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረዱም።

"ዶኩን ሳይን አላደርግም" አሉ። "እሱን አትፍሪ።" እፎይ ልል ስል እጃቸውን አነሱ። "ሆስፒታል እያለሁ በየቀኑ ኮል ታደርጊልኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ሁልጊዜ ‘ድምፅዎ ከትናንት ይሻላል’ ትዪኝ ነበር። እሱስ?"

እንደገና መዋሸት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "ውሸት ነበር" አልኩ። "አንድም ቀን አልተሻለም ነበር። ይሞታሉ ብለን ነበር። ስልኩን ስዘጋ አለቅስ ነበር።"

ቤታቸውን አዩት።

"እኔ እኮ አምኜሽ ነበር" አሉ። "ነርሷ ስትመጣ ‘ዛሬ ድምፄ ተሽሎታል’ እላት ነበር። እስከ ማግስቱ የምይዘው እሱን ነበር፤ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።"

በሩን ከፈቱ፣ አንድ እግራቸውን አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ የማልረሳው።

"እንግዲህ ሁለተኛ ብታመም ምን ልትዪኝ ነው?" አሉኝ። "ምን ብትዪኝ ላምንሽ ነው?"